ለቆመ ሰው አይነገርም

ማስታወቂያው የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ኑሯችንን ሁሉ የሚያስኬደው የሕያው መዝገብ አዲስ እትም በመጪው እሑድ ሥራ ይጀምራል፣ አሮጌው በዚያው ቅጽበት ይዘጋል፣ ተጠቃሚዎች ምንም ዓይነት መስተጓጎል አይሰማቸውም ይላል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በዕድሜዬ ብዙ ሰምቻለሁ። እውነትም መስተጓጎል አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። በር ሲያየኝ ይከፈታል፣ አውቶቡሱ በስሜ ይጠራኛል፣ መድኃኒቴ በሰዓቱ ይመጣል፣ ጂንካ ያለችው ልጄ ወለላ ስልኬን አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ታነሳለች። እነሱ ከኋላ ሆነው የቤቱን ምሰሶ ነቅለው ሌላ ሲተክሉ እኛ ጣሪያው ሥር ምሳ እንበላለን።

ይህኛው ግን ለእኛ ሥራ ይዞ መጣ። ከማስታወቂያው ግርጌ ለእድሮች ብቻ የተጻፈ መስመር ነበረበት። "ያልተነሱ ሽፋኖች እስከ ቅዳሜ ይነሱ። ወደ አዲሱ እትም የሚሻገር ሽፋን የለም።"

ናሆም እባላለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ውስጥ የእድራችን መርዶ ነጋሪ ነኝ። እኔ ስወለድ ናሆም የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ የሽማግሌ ስም ሆኗል። እኛ ደግሞ በተራችን የቅድመ አያቶቻችንን ስም ለልጆቻችን አወጣንና፣ በየመንገዱ ጂንስ ለብሰው የሚሯሯጡት ተሰማና ዘቢደር ናቸው።

ጎልማሳ ሳለሁ ሰው ሲሞት መዝገቡ ወዲያው ያውጅ ነበር። እናት የልጇን ሞት ገበያ መሀል፣ ቲማቲም እየመረጠች፣ ስልኳ ላይ ታነበዋለች። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ወደቀ፤ አንዷ ልጅ እንዳዘለች ወደቀች። ነውር ነው ብለን እድሮች ሁሉ ጮህን። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጭ አድርጎ ነው የሚነገረው አልን። ሰሙን፤ እንዲያውም ከጠየቅነው በላይ ሰጡን። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ለእያንዳንዱ ሰው የሚያሳየው የተነገረውን ያህል ብቻ ነው። ያልተረዳ ሰው ሲደውል ሟቹ ያነሳል። ይስቃል፣ ያስላል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ለጥምቀት እመጣለሁ ይላል። እኛ ሄደን እስክንነግር ድረስ እንዲህ ይቆያል። ሽፋን የምንለው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ላይ ሽፋን የሚቆየው ለአንድ ሁለት ሌሊት ነበር። ከዚያ ፈተና ላይ ናት ተባለ። እርጉዝ ናት ተባለ። ሠርግ ደርሷል፣ ጾሙ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። ማቆየት ድሮ ከባድ ሥራ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየዋሸ፣ ፊቱን እያዞረ፣ ስልክ እየደበቀ የሚያቆየው ነበር። አሁን ማንም ምንም አያደርግም። ሰው ደግሞ ምንም የማያደርግበትን ነገር ለማቆም አይቸኩልም።

የእድራችንን ሽፋኖች የምታስተባብረው ዘቢደር ናት። ማን መቼ እንደሚነገረው፣ ማን ልቡን እንደሚያመው፣ የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለው አብጠርጥራ ታውቃለች። ማለዳ ስንሄድ እኔ፣ አብራኝ መርዶ የምትነግረው ማክዳና እሷ ሦስት ሆነን ነው። ለቆመ ሰው መርዶ አይነገርም የሚለውን ደንብ ያመጣችውም እሷው ናት፤ አንድ ሰውዬ ቆሞ ሰምቶ ከደረጃ ተንከባሎ ጭኑ ከተሰበረ በኋላ። መዝገቡ ደንቡን ወዶት ወሰደው። አሁን በአገሩ ሁሉ ሰውየው ቁጭ ካላለ ሽፋኑ አይነሳም።

ሰኞ ማታ መጣችና "ሦስት ናቸው የቀሩን ጋሼ፣ እስከ ሐሙስ እንጨርሳቸዋለን፣" አለችኝ። ደስ ብሏታል።

በእኔ በኩል አራት ነበሩ። አራተኛዋ ራሷ ናት።

ታናሽ ወንድሟ ይትባረክ ባለፈው ኅዳር አፋር ውስጥ፣ የፀሐይ ማሳ ላይ ሲሠራ ሞተ። እናትና አባት በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ያሳደገችው እሷ ናት፤ እቴቴ ነበር የሚላት። እኔና ማክዳ ለንግሥ እንሄዳለን ብለናት ሄደን እዚያው ቀበርነው። ያን ሰሞን ዘቢደር ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ተኝታ ነበርና ትዳን አልን። ስትድን ገና ደረሰ። ከገና በኋላ ጾሙ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ምክንያት አለቀብንና ያለ ምክንያት አቆየነው። እሷም በየማታው እየደወለች ታወራዋለች። ሽፋኖችን በሙሉ የማየት ፈቃድ አላት፤ ግን መዝገቡ ለእሷም የሚያሳያት የተነገራትን ያህል ነው።

እሑድ ሲመጣ ድምጹ ከንግግር መሀል ይቆረጣል። ይህ ደግሞ የገበያዋ እናት ከደረሰባት የባሰ ነው። እኔ ዘቢደርን በጣም እወዳታለሁ። ፈራሁ።

ሁለቱን ማክሰኞና ረቡዕ ጨረስን። የመጨረሻዋ እትዬ ሶልያና ነበሩ። ልጃቸው ተሰማ መርከበኛ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ደም ግፊታቸው ተነሳ ተባለ፣ ቀጥሎ ሴቷ ልጃቸው ልታገባ ነው ተባለ፣ ከዚያ ሁላችንም ረሳነው። ሐሙስ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከመሬት ሳይነሳ፣ በራቸውን አንኳኳን።

ጥቁር ለብሰው ከፈቱልን።

"ግቡ፣" አሉ። "ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?"

ማክዳ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። ሥራዋን ያልረሳችው ዘቢደር ብቻ ናት። "እማማ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣" አለቻቸው።

"እቀመጣለሁ። ወጉን አድርሱልኝ እንጂ ማወቁንስ በሳምንቱ ነው ያወቅሁት።"

"እንዴት አወቁ?" አልኩ።

"ተሰማ አንዴ ጠርቶ ስልክ አንስቶ ያውቃል? ልጅ ሆኖ እንኳ ሦስት አራቴ ካልጮህኩበት አቤት አይልም ነበር። ይሄኛው ገና ሳይጠራ ነው ሀሎ የሚለው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?"

"እናንተ ለእኔ ብላችሁ ደበቃችሁ፤ እኔ ደግሞ ለእናንተ ብዬ አላወቅሁም።" ጉልበታቸውን አሻሹ። "ደግሞም ደግ ነበር። ተሰማ ነፍሱን ይማረውና በዓመት ሁለቴ ነው የሚደውልልኝ፣ እሱንም እየቸኮለ። ይሄኛው በየማታው ነው። ጉልበቴ እንዴት እንደዋለ ይጠይቀኛል። እኔ ማነኝ ተወኝ የምለው?"

ከዚያ ተቀመጡ። እኔም እንደማያውቅ ሰው አድርጌ በወጉ ነገርኳቸው። የስድስት ዓመቱ ለቅሶ አንድ ላይ ወጣ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ደረታቸውን ሲደቁ ሦስት ሴቶች ሆነው እጃቸውን ያዙ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም ሳይነካው የተሰማ ስም ከላዩ ጠፋ።

ስንመለስ ዘቢደር ፈገግ እያለች ነበር የጀመረችው። "እውነታቸውን እኮ ነው። ይትባረክም እንዲሁ ነበር። አስሬ ደውዬለት ነው አንዴ የሚያነሳው። አመሉን የተወው በዚህ ዓመት ነው።"

እኔና ማክዳ ዓይናችንን መንገዱ ላይ ተከልን። ጥቂት ሄድንና ቆመች። ማክዳን አየቻት። ማክዳ የጫማዋን ክር የምታስር መስላ አጎነበሰች። የማክዳ ጫማ ክር የለውም።

"በእኔ በኩል ጨርሰናል፣" አለች ዘቢደር። "በእናንተስ በኩል ጋሼ?"

"እንነጋገራለን የኔ ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን።"

ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ቤቷ ታጠፈች። እኔም ቤቴ ገባሁ። በዚያች ማታ ወለላ ጋ አልደወልኩም። ወለላ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀልጣፋ ናት አልኩ ለራሴ። ዓርብም አልደወልኩም።

ቅዳሜ ሦስተኛ ሰው ሆነው የመጡት እትዬ ሶልያና ናቸው። ሠልስታቸው ስለነበር ከቤት መውጣት አልነበረባቸውም። "የስድስት ዓመት ሟች ሠልስት ምን ያደርግለታል፣" ብለው ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉን። የዘቢደር በር ገርበብ ብሎ ነበር። ቤቱ ተጠርጎ፣ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረው፣ እሷ መሀል ላይ ቆማ ልብስ ትተኩሳለች።

"ግቡ፤ ተቀመጡ፣" አለች። ተቀመጥን።

"ዘቡዬ፣ አንቺም ቁጭ በይ፣" አልኳት።

"ይህችን ልተኩስ።"

"ቁጭ በይ የኔ ልጅ። ለቆመ ሰው እንደማይነገር አንቺው ነሽ ያስተማርሽን።"

"እኔው ነኝ፣" አለች ካውያውን ሳታቆም። "ስለዚህ ምንም አልተነገረኝም።"

ሸሚዙን ጨርሳ መጋረጃ አወረደች። መጋረጃውን ጨርሳ ሁለተኛውን አወረደች። ጎረቤት አንድ በአንድ መግባት ጀመረ፤ ለሁሉም ቆማ ሻይ ቀዳች፣ የራሷንም ቆማ ጠጣች። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን እንደተጠቀለለ በር ላይ አስቀምጠው ላዩ ላይ ተቀመጡበት፤ ሳይነገር አይተከልም። ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ ከካውያው በቀር ድምጽ አልነበረም። ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች፤ በመዝገቡ ግን ይትባረክ ከእህቱ ጋር ማታ ሊያወራ በሕይወት አለ።

"ነገ እኮ ይቆረጣል፣" አልኳት በመጨረሻ። "ሽፋን አይሻገርም ብለዋል።"

"ያ ማስታወቂያ ነው ጋሼ። ደንቡ ተጠቃሚ አይታወክም ነው የሚለው። ካልተነገረኝ ሊቆርጡብኝ አይችሉም። ይዘውት መሻገር አለባቸው።" ድምጿ እንደ ሥራ ቀን የተረጋጋ ነበር። "እስከ ነገ እቆማለሁ። ምን ይከብዳል?"

"እሱ አይደለም እኮ ልጄ፣" አለች ማክዳ።

"ሳቁ የእሱ ነው። አሳድጌዋለሁ፣ ሳቁን አላውቅም?"

እትዬ ሶልያና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "ስሚኝማ የኔ ልጅ። እኔም ሳቁ የእሱ ነው ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አወራሁት። ያላደረግሁለት አንድ ነገር ማልቀስ ነው። የልጄን ለቅሶ ለማን ብዬ እንዳስቀመጥኩት ሐሙስ ለት ገረመኝ።"

ዘቢደር ጨርቁን ገልብጣ በተተኮሰው ላይ ደግማ ተኮሰች። እኩለ ቀን ላይ እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግድግዳውን ተደገፈች። ማክዳ ግድግዳ መደገፍ እንደ መቀመጥ ይቆጠር እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። አንጀቴን በላችኝ፤ ተነስቼ ይቅርብሽ፣ ቁሚ ልላት ምንም አልቀረኝ።

ያኔ ስልኳ ጠራ። ስሙን አይታ ፊቷ በራ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምጹን ከፍ አድርጋ ካውያው አጠገብ አስቀመጠችው።

"እቴቴ፣" አለ ይትባረክ። የቀበርኩት ልጅ ድምጽ ነው። ራሴ አፈር ያለበስኩት።

"ወዬ የኔ ጌታ።"

"ምሳ በላሽ?"

"እበላለሁ። ሰው መጥቶብኝ ነው።"

"አውቃለሁ፣" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቆምሽ ነሽ። የተሰፋሽው ያምሻል። ቁጭ በይ።"

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። ዘቢደር ካውያውን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም፤ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ።

"መቆሜን ማን ነገረህ?" አለችው።

ትንሽ ዝም አለ። ሲያስብ የሚያደርገው ነበር፤ ልጅ ሆኖ ጥያቄ ስጠይቀውም እንዲሁ ነበር።

"ቁጭ በይ እቴቴ። ጋሽ ናሆም የሚነግሩሽ ነገር አለ። ቀስ ብለው ነው የሚነግሩሽ። እስኪጨርሱ አብሬሽ ነኝ።"

ካውያውን ነቀለች። ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለችው። ከዚያ ወንበር እንኳ ሳትፈልግ፣ እዚያው በቆመችበት፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ነገርኳት። ባለፈው ኅዳር ብዬ ጀመርኩ። ስናገር ስልኩ ውስጥ እስትንፋስ ይሰማል። አፋር ስል ይሰማል። ማሳው ላይ ስል ይሰማል። የመጨረሻዋን ቃል ስናገር ቆመ። ዘቢደር ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር የምታየው፤ ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ጎረምሶቹም ድንኳኑን ሲዘረጉ ሰማሁ።

በዚህ ሥራ ስኖር ብዙ ቤት ገብቻለሁ። መርዶውን ሟቹ ራሱ ጀምሮልኝ አያውቅም ነበር። ማታውኑ የመዝገቡን ቢሮ ጠየቅሁ። ማን እንዳዘዘው፣ መቆሟን በምን እንዳወቁ፣ የእኔን ስም ከየት እንዳመጡ ጠየቅሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። ሽፋኑ ያለ ምንም መስተጓጎል ተነስቷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል።

እሑድ አዲሱ እትም ገባ። ምንም አልተሰማንም። በር ተከፈተ፣ አውቶቡሱ በስሜ ጠራኝ፣ መድኃኒቴ መጣ። እኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ ስንቆረጥም አገሩ በሙሉ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ተሻገረ። ዘቢደር ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ ግን ወደ ሰው ይመለሳል። እትዬ ሶልያና አጠገቧ ሆነው እግሯን ያሹላታል።

ሰኞ ማታ ድፍረት አገኘሁና ለወለላ ደወልኩ።  የእትዬ ሶልያና ነገር በሰፈሩ ተሰምቶ ስለነበር በዚያ ሳምንት ስልክ ሲጠራ የማይቆጥር ሰው አልነበረም። እኔም ቆጠርኩ። አንድ ጠራ። ሁለት። ሦስት። አራት ጠርቶ ተነሳ።

"አባዬ፣ ይቅርታ፣ እጄ ሊጥ ነክቶ ነው፣" አለች እየሳቀች።

 እግዜር ይመስገን አልኩ፤ ስለ ብርዱ አወራሁላት። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ለማክዳ ነገርኳት። የወለላ ስልክ አራቴ ጠርቶ ተነሳ አልኳት፣ እንደ ምሥራች።

ማክዳ ንፍሮዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። "የወንድሜም አራት ነው የጠራው፣" አለች።

አጠገቧ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ዞር አለ። የሚስቱ እናት አራት። ከኋላችን ያለች ሴት ጣቷን እያሳየች መጣች፤ አራት። በዚያ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተጠያየቀ፤ የሁሉም አራት ነው። ምናልባት አዲሱ እትም የሁሉንም ጥሪ በእኩል አዘግይቶ ይሆናል፤ የሞተው ካለው እንዳይለይ። ምናልባት ማስታወቂያው እውነቱን ነው፣ የተሻገረ ሽፋን የለም። ዘቢደርን ልጠይቃት ዞርኩ። ጣሪያውን እያየች ነበር፤ እንደሰማች ያስታውቃል። 

ጂንካ ሩቅ ናት። ሄጄ በዓይኔ ባያት ጥሩ ነበር። ግን ዝናቡ ጀምሯል፤ መንገዱም ጥሩ አይደለም ይላሉ። ክረምቱ ይለፍና ለመስከረም እሄዳለሁ።

በሰፈራችን አሁን እንግዳ ሲገባ ተቀመጥ የሚል የለም። ተቀመጥ ያልከው ሰው ፊቱ አመድ ይመስላል። ቀበሌ ብትሄድ፣ ሐኪም ቤት ብትሄድ፣ ወንበሩ ባዶውን ተደርድሮ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ማክዳ እኔ ቤት ስትመጣ ቆማ ሻይዋን ጠጥታ ትሄዳለች፤ እኔም እሷ ቤት እንዲሁ ነኝ።

ወለላን በየማታው አነጋግራታለሁ። አራቴ ይጠራል፣ ታነሳለች፣ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች። ድሮ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኝ እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነው የማወራት። እስካሁን ቁጭ በል አላለችኝም።